ታርጋውን ቀይሩት

ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ለሚዛወር ሐበሻ መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር «ታርጋውን እንዳትቀይር» የሚል ነው። ገና ዕቃውን ሳይጭን ይሰማዋል። ምክሩ ከምን እንደመጣ ይገባኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ያለው ሰው በመኪናው ግምት ልክ በየዓመቱ ለካውንቲው ወይም ለከተማው ግብር ይከፍላል። ሜሪላንድ ይሄ የለም። ኢንስፔክሽንም (የመኪና ደኅንነት ምርመራው) ቢሆን ቨርጂኒያ በየዓመቱ ነው፣ ሜሪላንድ ግን ያገለገለ መኪና ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) ሲወጣለት አንዴ ካለፈ በኋላ የሚጠየቀው የጭስ ምርመራ ብቻ ነው። ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የቀረ ዘመድ ይፈለጋል። መኪናው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያድራል፣ ወረቀቱ የአክስት ልጅ ቤት ይኖራል።

ይሄ ቁጠባ ርካሽ መስሎ ውድ ነው ባይ ነኝ። ሂሳቡን የሚያበላሸው ኢንሹራንሱ ነው። ኩባንያው ዋጋ ሲያወጣ መኪናው የሚያድርበትን ዚፕ ኮድ ያያል። አደጋ እስኪደርስ ማንም አይጠይቅም። ከባድ አደጋ ሲደርስ ግን ጉዳዩን የሚያጣራው ሰው የኪራይ ውል፣ የሥራ ቦታ፣ የልጆች ትምህርት ቤት እያለ ይጠይቃል፣ ሁሉም ቨርጂኒያ ነው። ያኔ «የተዋዋልነው በተሳሳተ አድራሻ ነው» ብሎ ካሳውን ሊከለክል፣ ውሉንም ሊሰርዝ ይችላል። ኡበርና ሊፍት ለሚነዳ ሰው ደግሞ መኪናው እንጀራው ነው። በዓመት ጥቂት መቶ ዶላር ለማትረፍ ብሎ እንጀራውን የሚያስይዝ ሰው አይገባኝም።

ፖስታውስ? ዲሲ ውስጥ ካሜራ ያነሳው ቲኬት የሚላከው ታርጋው ወደተመዘገበበት ቤት ነው። የአክስት ልጅ ሥራ አለው፣ ልጆች አሉት፣ ፖስታውን ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ጠረጴዛ ላይ ይከምረዋል። የመክፈያው ጊዜ ሲያልፍ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። ድሮ ዲሲ በሌላ ስቴት ታርጋ ላይ ብዙ አቅም አልነበራትም፣ «ተወው ምን ያመጣሉ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ስቲር አክት የሚባለው ሕግ ግን የዲሲ ዐቃቤ ሕግ የሌላ ስቴት ነጂዎችን ፍርድ ቤት እንዲያቆም ፈቀደ። ዐቃቤ ሕጉ ብራያን ሽዋልብም በ2025 ብዙ ቲኬት ያከማቹ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ነጂዎችን መክሰስ ጀመሩ።

ታርጋና መንጃ ፈቃድ መቀየሩ ራሱ ደግሞ እንደሚወራው ከባድ አይደለም። የመንጃ ፈቃዱ ጊዜ ካላለፈ አብዛኛውን ጊዜ የጽሑፍም የመንዳትም ፈተና የለም፣ ዓይን ታይቶ ፎቶ ይነሳል። ሰውን የሚያምታታው ቀኑ ነው። ቨርጂኒያ ለመንጃ ፈቃድ 60 ቀን ትሰጣለች፣ ለመኪናው ግን 30 ብቻ። ሜሪላንድ ለሁለቱም 60። ቴክሳስ ለመኪናው 30፣ ለመንጃ ፈቃዱ 90 ቀን ነው፣ ቢሮውም ለየብቻ ነው፣ መኪናው ካውንቲው ግብር ቢሮ፣ መንጃ ፈቃዱ ዲፒኤስ (የስቴቱ የሕዝብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት)። ካሊፎርኒያማ ለመንጃ ፈቃድ 10 ቀን፣ ለመኪናው 20 ቀን ብላ አርፋለች። ሻንጣ እንኳን ሳይፈታ!

የእኛ ሰው በብዛት የሚመለሰው በስም ነው። ገብረ መድኅን ግሪን ካርዱ ላይ ለሁለት ተከፍሎ፣ ሶሻል ሴኩሪቲው ላይ ተጣብቆ፣ ባንኩ ጋ ደግሞ አንድ ፊደል ጎድሎት ይገኛል። ለመንጃ ፈቃድ ቢሮው የመስኮት ሠራተኛ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሪል አይዲ (አገር ውስጥ አውሮፕላን ለመሳፈር የሚያገለግለው መታወቂያ) ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይታለፍም። ባልና ሚስት ሲዛወሩም ኪራዩ በእሱ ስም፣ መብራቱ በእሱ ስም፣ ኢንተርኔቱ በእሱ ስም ይሆንና እሷ እዚያ ቤት መኖሯን የሚያሳይ አንድ ወረቀት ታጣለች። ውሉ ላይ ሁለቱም ስም ይግባ፣ የባንኩ አድራሻም ወዲያው ይቀየር። መኪናው ዕዳ ካለበት ታይትሉ አበዳሪው እጅ ስለሆነ ቀድሞ መደወል ነው፣ የሚያዘገየው እሱ ነው።

ቅደም ተከተሉ ላይ አትሳሳቱ። ከሜሪላንድ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ በአዲሱ ስቴት ኢንሹራንስ ይገዛል፣ መኪናውን ያስመዘግባል፣ የሜሪላንድን ታርጋ ይመልሳል፣ አሮጌውን ኢንሹራንስ የሚያቋርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ግን ሁለት ቦታ መክፈል ያንገበግበውና ኢንሹራንሱን ቀድሞ ያቋርጣል። ታርጋው ሳይመለስ ኢንሹራንስ ከሌለው ሜሪላንድ በየቀኑ ቅጣት ትቆጥራለች፣ ሳይከፈል ከቆየም ለስቴቱ ዕዳ ሰብሳቢ ይተላለፋል። ደብዳቤው የት እንደሚሄድ መቼም ታውቃላችሁ።

መስኮቱ ጋ ሲደረስ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ለመራጭነት መመዝገብ ትፈልጋለህ?» ከ1993ቱ የፌዴራል የመራጮች ምዝገባ ሕግ ወዲህ መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ወይም ወርክ ፐርሚት ያለው ሰው መልሱ አይሆንም ነው፣ ወረፋው ያጣደፈው ሰው «የስ፣ የስ» እያለ ሲፈርም መዘዙ እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ስቴት ባይቀይርም እንኳ ቤት በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። እሱም በዘመድ አድራሻ አይሸፈንም።

ዜጋው ግን ይመዝገብ። የቨርጂኒያ የመኪና ግብር ያናድዳል፣ እኔንም ያናድደኛል። በ1997 ጂም ጊልሞር ይሄን ግብር አስቀራለሁ ብለው ነው ገዥ ሆነው የተመረጡት። ቅነሳው በ1998 ተጀመረ፣ በኋላ ግን ስቴቱ ለካውንቲዎችና ለከተሞች የሚተካው ገንዘብ በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ላይ ተገደበ፣ ግብሩ ይኸው ዛሬም አለ። አሁንም በየምርጫው ይነሳል። በሲልቨር ስፕሪንግ አድራሻ ግን የቨርጂኒያ ሕግ በሚወጣባት ሪችመንድ ላይ ድምፅ አይሰጥም።