ማስተካከያ፦ 600 ቢሊዮኑ ዶላር ለማንም አልተከፈለም

ባለፈው ስለ አስታማሚዎች ስጽፍ «በአሜሪካ ለቤተሰብ አስታማሚዎች በዓመት 600 ቢሊዮን ዶላር ይከፈላል» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ። እንዲያውም ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ ያልተከፈለ ሥራ ግምት ነው።

ግምቱን ያወጣው ኤኤአርፒ የተባለው፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ አሜሪካውያን የቆመ ማኅበር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. 38 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ዘመድ ወዳጃቸውን ሲረዱ 36 ቢሊዮን ሰዓት ግድም አሳልፈዋል። አንዱ ሰዓት በ16.59 ዶላር ሲታሰብ 600 ቢሊዮን ይጠጋል። ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ መድኃኒት ማስታወሱ፣ ሐኪም ቤት ማመላለሱ ሁሉም በዚያው ዋጋ። ሌሊት ተነስቶ ቁስል የሚጠርግ ሰው ሰዓቱ ይህን ብቻ ያወጣል? እኔ አይመስለኝም፤ ለመነሻ ግን ይሆናል።

«ሁሉም ጽኑ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ናቸው» ማለቴም ልክ አልነበረም። በእርጅና ወይም በአካል ጉዳት የተነሳ የዕለት ኑሮ የሚከብደውን ሰው የሚረዱም ተቆጥረዋል። አስታማሚው ከኪሱ ያወጣው ገንዘብና ከሥራ ሲቀር ያጣው ደሞዝ ግን 600 ቢሊዮኑ ውስጥ የሉም።