የግድግዳ ቀለም ልጅ አያሳድግም

ወገኖቻችን ሆይ፣ በካሳንቺስ፣ በልደታ፣ በሜክሲኮ፣ በፒያሳና በአራት ኪሎ ልጃችሁን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ማቆያ አድርሳችሁ ማታ 11 ሰዓት ተኩል የምትረከቡ፣ ስሙን። ማቆያ ስትመርጡ የምትጠይቁት ያሳፍራል። ካሜራ አለ? በእንግሊዝኛ ነው የምታናግሯቸው? ወሩ ስንት ነው? ግድግዳው ላይ ጥንቸልና ዝሆን ተስሎ ካያችሁ ልባችሁ ያርፋል። ልጃችሁን 10 ሰዓት ሙሉ የምትይዘው ሴት ማን እንደሆነች፣ ስንት ሕፃን እንደተሸከመች፣ እዚያ ቤት ምን ያህል እንደቆየች የሚጠይቅ ከስንት አንድ ነው።

የሕፃን አእምሮ የሚያድገው በምልልስ ነው። "ባ" ሲል ዓይን ዓይኑን እያየች "ባ! ባቡሩን አየኸው?" የምትለው፣ ወደ መስኮት ሲጠቁም "አዎ፣ እርግብ ናት፤ በረረች" የምትለው፣ ሲያለቅስ ብድግ አድርጋ የምታባብለው ሰው ያስፈልገዋል። ለዚህ የተለየ የትምህርት ሰዓት አይያዝለትም፤ ዳይፐር ሲቀየር፣ ሲጎርስ፣ እጁ ሲታጠብ የሚሆን ነገር ነው። አንዲት ሞግዚት 12 ሕፃን ከተሰጣት ማጉረስ፣ ማድረቅና ማስተኛት ብቻ ነው የምትደርሰው። ምላሽ ያጣ ሕፃን ደግሞ ሞክሮ ሞክሮ መጠየቁን ይተዋል። ያን ጊዜ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም" ትባላላችሁ፤ ደስም ይላችኋል።

ስለዚህ ቁጠሩ። ዓመት ያልሞላቸውን አንዲት ሞግዚት ከ3 ወይም ከ4 በላይ ልትይዝ አይገባም። 2 ዓመት ለሞላቸው እስከ 6፣ ከ3 ዓመት በላይ ለሆኑት እስከ 10 ቢሆን ይቻላል። ቢሮ ውስጥ የሚነገራችሁን ትታችሁ የክፍሉ በር ላይ ቆማችሁ ራሳችሁ ቁጠሩ፤ ያውም ሳትነግሩ፣ በ6 ሰዓትና በ7 ሰዓት መካከል ሂዱ። ሞግዚቶቹ ለምሳ ሲወጡ 20 ሕፃን ለአንዲት ልጅ እግር ሴት ጥለው የሚሄዱባቸው ቤቶች የሚታወቁት ያን ሰዓት ነው። ጸጥታም አያታልላችሁ። የ2 ዓመት ልጆች ነቅተው ጸጥ ካሉ ወይ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠዋል፣ ወይ ፈርተዋል።

ቴሌቪዥኑን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ ይኖርበታል፤ ወንበር ላይ ታስሮ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም። ፍርሃቱን በተመለከተ ደግሞ "ጅብ ይበላሃል"፣ "ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል" ማለትና ቁንጥጫ ሥነ ሥርዓት አይባሉም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አለው ይላል። "ትንሽ ብትቆነጥጡልኝ" ብላችሁ አደራ የምትሰጡ ወላጆች፣ አዎ፣ እናንተን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ሕመማችን እንምጣ። የ3 ዓመት ልጅ በኬጂ ደብተር ሙሉ መስመር "ኤ፣ ቢ፣ ሲ" እንዲጽፍ የቤት ሥራ ይሰጠዋል፤ ማታ እናት እጁን ይዛ ታስጽፈዋለች፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ይህ እጅ ገና እኮ ነው። ልጅ ክብ አይቶ መሣል የሚጀምረው ወደ 3 ዓመት፣ መስቀል ወደ 4፣ ሦስት ማዕዘን ወደ 5 ዓመት ገደማ ነው። ሰያፍ መስመር መሣል ያልቻለ ልጅ "ኤ" እንዴት ይጽፋል? እርሳሱን በጭብጡ ጨምድዶ ከለመደ ኋላ ማስተካከሉ መከራ ነው። በ3 ዓመቱ ጣቱን የሚያጠነክረው ሊጥ ማድቦልቦል፣ ወረቀት መቅደድ፣ የሹራቡን ቁልፍ ራሱ መቆለፍ፣ ውኃ ከኩባያ ወደ ኩባያ መገልበጥ ነው። ይህን የሚያሠራ ማቆያ "ጨዋታ ብቻ ነው" እየተባለ ልጅ ይወሰድበታል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። 50 ቃል የማይሞላ እንግሊዝኛ ያላትን ሞግዚት በአማርኛ እንዳታናግረው ስትከለክሏት ልጁ የሚያገኘው "ሲት ዳውን" እና "ኖ" ብቻ ይሆናል። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ፣ አፏን በፈታችበት ቋንቋ ታውራው፣ ተረት ትንገረው፣ ታስቀው።

ምሳ ዕቃውን ክፈቱት። ብስኩት፣ የታሸገ ጭማቂ፣ ቺፕስ! 6 ወር የሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ጋር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር በኋላ 3 ወይም 4 ጊዜ ምግብ ያስፈልገዋል። ገንፎው ማንኪያ ሲገለበጥ ቶሎ የማይፈስ ይሁን፤ ቀጭን አጥሚት ትንሿን ሆድ በውኃ ሞልቶ ልጁን ያስርበዋል። የተከካ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ካሮት፣ ጎመን ቤታችሁ አለ። ሻይ በዳቦ ይቅር፤ ሻይ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ከምግቡ ወደ ደሙ እንዳይገባ ያግዳል። ቆሎ፣ ለውዝና ፈንዲሻ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ጉሮሮ ይዘጋል። (የልደት ቀን ኬክና ለስላሳ ይዛችሁ ለሃያ ሕፃን የምታድሉም አደብ ግዙ።)

በኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ያለ ማቆያ "ግቢ የለንም" ይላል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳና በአራት ኪሎ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ልጆቹን በገመድ አስይዞ ጠዋት ማውጣት ይቻላል። ፀሐይ በመስታወት በኩል ስትገባ አጥንት የሚያጠነክረውን ቫይታሚን ዲ አትሰጥም። ክንድና እግር ተገልጦ ደጅ መሞቅ ያስፈልጋል።

ስታደርሱት ተደብቃችሁ አትሹለኩ። ዞር ሲል እናቱን ያጣ ልጅ ቀኑን ሙሉ በሩን ሲጠብቅ ይውላል። የመጀመሪያ ቀን አብራችሁት 1 ሰዓት ቆዩ፤ በሁለተኛው ለግማሽ ሰዓት ወጥታችሁ ተመለሱ፤ በሳምንቱ ውስጥ ሰዓቱን አስረዝሙ። "ከምሳ እንቅልፍህ በኋላ እመጣለሁ" በሉት፣ በቃላችሁም ተገኙ። ማታ ስትረከቡት ሁልጊዜ ፍዝዝ ብሎ ማንቃት የሚከብድ ከሆነ ለማስተኛት ምን ሽሮፕ እንደተሰጠው ጠይቁ።

ባለ ማቆያዎች፣ ለቀለምና ለባነር ያወጣችሁትን ለሞግዚቷ ደመወዝ ጨምሩ። በየሦስት ወሩ ሞግዚት የሚቀያየርበት ሕፃን በየጊዜው ከሰው ጋር መላመድን እንደ አዲስ ይጀምራል፤ መጨረሻ ላይ ማንንም አይጠጋም። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጀርባው ይተኛ፤ ትራስና ፊት የሚሸፍን ጋቢ አይኑር። ዳይፐር የሚቀየርበት ጠረጴዛ ምግብ አይቅረብበት። በሐምሌ ብርድ ክፍል ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሽታ በሌለው ጋዝ መግደል ነው።

ቀጣሪዎችም አላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ሕፃኑ ግን እስከ 6 ወሩ ከእናቱ ጡት ሌላ አያስፈልገውም። የቀረውን 3 ወር የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ፦ በር የሚቆለፍበት ክፍል፣ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያና ትንሽ ፍሪጅ አዘጋጁ። ሠራተኛችሁ መጸዳጃ ቤት ቆማ እንድታልብ አታድርጉ። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት ለ4 ሰዓት፣ በፍሪጅ ለ4 ቀን ይቆያል። ሲሰጥ ዕቃው ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ እሳት ላይ አይጣድ፤ ከጡጦ ይልቅ በትንሽ ኩባያ ይሰጥ፤ ሕፃኑ ጀምሮ ያስተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ካልተጨረሰ ይደፋ። ዕቃው ላይ የልጁ ስም፣ የታለበበት ቀንና ሰዓት ይጻፍበት፤ ይህን ሳያይ የሚቀበል ማቆያ የማንን ወተት ለማን እንደሰጠ አያውቅም።