ሰው ሲበላ አትቅረጹ

እባካችሁ ስልካችሁን ከማዕዱ ላይ አንሱልን። ብዙ ጊዜ አይቼ ዝም ብያለሁ። አሁን ግን ካልተናገርኩ የሚወጣልኝ አይመስለኝም።

ሰሞኑን ለቅሶ ላይ ነበርን። የእናቴ የልብ ወዳጅ የሆኑት እትዬ ባለቤታቸውን ቀበሩ። ከቀብሩ በኋላ እህል እምቢ አሉ። ጎረቤቱ በየተራ እዝን ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ከውሃ በቀር አይቀምሱም። በሠልስቱ ማታ እናቴ አጠገባቸው ቁጭ አለች። «ለልጆቹ ስትይ» እያለች፣ እያባበለች፣ በሽሮ ያራሰችውን እንጀራ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። እትዬ እያለቀሱ ጎረሱ። ነጠላቸው ከራሳቸው ወርዷል፣ አፋቸው ሞልቷል፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ነው።

አንዲት የሩቅ ዘመድ ከድንኳኑ ጥግ ቆማ ይህን ቀረጸች። ሳይነጋ ቲክቶክ ላይ ወጣ። ከኋላው የሚያሳዝን ዜማ ገብቶበታል። «እውነተኛ ጓደኛ ማለት ይህች ናት» ተብሎ ተጽፎበታል። መጀመሪያ ላይክ ጎረፈለት። ቀጥሎ ኮሜንቱ መጣ። አንዱ «ባሏን ቀብራ እንዴት ይዋጥላታል?» አለ። ሌላው ስለ ጥርሳቸው ጻፈ። ሌላዋ ከልብ የምታለቅሰው አጉራሿ እንጂ ጎራሿ አይደለችም ብላ ፈረደች። ማንኛቸውም እትዬን አያውቋቸውም። ያቺ ጉርሻ በስንት ልመና እንደገባች አያውቁም።

እናቴ ልጅቷን ስትጠይቃት «ለበጎ ነው፣ ሰው እንዲማርበት ብዬ ነው» አለች። ክፋት እንደሌለባት አምናለሁ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በክፋት ቢሆን ገስጸን እንገላገል ነበር። ማስፈቀድ የሚባል ነገር ግን ጭራሽ አልታሰባትም። ቪዲዮውን ወዲያው አጠፋችው። ምን ዋጋ አለው? አውርደው በየገጻቸው የለጠፉት አሉ። ቴሌግራም ላይ እየዞረ ነው። የእትዬ የመጨረሻ ልጅ ኮሜንቶቹን አንድ በአንድ አንብቦታል።

እኛ እኮ ሰው ሲበላ የማናይ ሰዎች ነበርን። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሕፃን ሲጎርስ እንግዳ ከገባ ነጠላዋን ትጋርድበት ነበር። አፍጥጠን የሰው አፍ ካየን «ዓይንህን ስበር» ትለናለች። መሶቡ ክዳን አለው። እንጀራ የያዘ ሰው መንገድ ላይ ሸፍኖ ነው የሚሄደው። ቤተ መንግሥት ሳይቀር እንዲሁ ነበር። አፄ ምኒልክ በግብር ላይ ራሳቸው ሲመገቡ መጋረጃ ይጋረድ ነበር። ለግብር የመጣው ሕዝብ ንጉሠ ነገሥቱ ሲጎርሱ አያያቸውም።

ቡዳ ፈርተው ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። እኔ በቡዳ አላምንም፤ ደንቡን ግን እወደዋለሁ። የሚበላ ሰው እጁ ተይዟል፣ አፉ ተይዟል። ቢሰድቡት እንኳ አይመልስም። ፊቱን የሚያሰናዳበት ጊዜ የለውም። እንደዚህ ያለን ሰው ዓይን ከመስበር ሌላ ምን ክብር ትሰጠዋለህ?

«አብሮ መብላት ባህላችን ነው፤ ምን የሚደበቅ ነገር አለ?» የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፣ በአንድ መሶብ ዙሪያ ተሰብስበን ነው የምንበላው። በራችን ክፍት ነው። ግን በዚያ በር የገባ ሁሉ ምን ይባላል? «እንብላ» ይባላል። ስንበላ የሚያየን ሰው አብሮን የተጠራ ሰው ነው። ጠግቦም ቢመጣ አንዲት ጉርሻ ቀምሶ ነው የሚያልፈው። ካሜራው ግን ማንም «እንብላ» ያላላቸውን ሺህ ዓይኖች ይዞ መሶቡ ላይ ይቀመጣል። አይጎርሱ፣ አያጎርሱ፣ አይመርቁ። ያያሉ፣ ይፈርዳሉ፣ ያልፋሉ።

የልጅነቴን ፋሲካ አስባለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው የምንቀሰቀሰው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ዶሮውን ታሞቃለች። ሁለት ወር ገደማ ሙሉ ያልሸተተን የቅቤ ሽታ ነው የሚያነቃን። ዓይናችን ሳይገለጥ አፋችን ይከፈታል። አባቴ ፈረሰኛው ሲወጣለት ቆርሶ ለእናቴ ያጎርሳል። እንቁላሉ ላይ እንጣላለን። ታናሽ እህቴ ጉርሻዋን እንደያዘች ትተኛለች። ከዚያ ሌሊት አንድም ፎቶ የለንም። አንድም። ግን የበርበሬው ማቃጠል ሳይቀር ይኸው እዚህ ምላሴ ላይ አለ።

አሁን ደግሞ ምን ሆነናል? ትሪው ሲቀርብ «አትንኩት! አትንኩት!» ነው። አባቴ ባርኮ ሊቆርስ እጁን ሲዘረጋ «አባዬ ቆይ!» ይባላል። የ76 ዓመት ሽማግሌ ከገዛ ማዕዱ ላይ እጁን መልሶ ይጠብቃል። ብርሃኑ አልበቃም ተብሎ ትሪው ወደ መስኮት ይሄዳል። ከዚያ «እስቲ እንደገና አጉርሳት፣ ፊትሽ አልታየም።» ጉርሻ እንደገና! ወጡ ይረጋል፣ የእንጀራው ዳር ይደርቃል፣ እናቴ የሌሊት ድካሟን ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። ይህን ሁሉ የምንታገሰው ለማን ብለን ነው? ለማናውቃቸው ሰዎች ብለን ነው።

የልጆቹን ነገር ባጭሩ ልበለው። የትምህርት ቤቱ ስም የተጻፈበት ዩኒፎርም ለብሶ ምሳ ዕቃውን የሚከፍት ልጅ ቪዲዮ በየቀኑ አያለሁ። ስሙ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የሚወጣበት ሰዓት፣ ሁሉም ተነግሯል። እናቶች፣ በፍቅር እንደምታደርጉት አውቃለሁ። ግን ያንን የሚያየው ሁሉ በፍቅር አያየውም።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን የደሃ ማዕድ ነው። በዓል ሲደርስ ዱቄትና ዘይት ይዘው የሚሄዱ አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ካሜራው ለምን የእናቲቱ ፊት ላይ ይቆማል? ስሟን ትጠየቃለች። ሰፈሯን ትናገራለች። በሽታዋን ትዘረዝራለች። ልጆቿ ትናንት ማታ ምን በልተው እንዳደሩ፣ ካልበሉም እንዳልበሉ፣ በአደባባይ ታወራለች። ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ይጠበቃል። ልጇ በነጋታው ትምህርት ቤት ሲሄድ የክፍሉ ልጆች ሁሉን አይተውታል። «ራሷ ፈቅዳለች» ይሉኛል። የተራበ ሰው ዘይቱ ፊቱ ተቀምጦ «አትቅረጹኝ» የሚልበት አቅም ከየት ይመጣል? ይህን ፈቃድ አልለውም።

በክርስትናውም ቀኝ እጅህ የምታደርገውን ግራ እጅህ አትወቅ ተብሏል። በእስልምናውም ቀኝ የሰጠውን ግራው እስከማያውቅ ድረስ በስውር የሚመጸውት ሰው ይመሰገናል። ያደግንበት ሰፈር እንዲሁ ነበር። ጎረቤት ሲቸግረው ማታ ሲጨልም በጓሮ በር ነው የሚላክለት። ዕቃው በማግሥቱ ባዶውን አይመለስም፤ ቢያንስ ቆሎ ይደረግበታል። ሰጪም ተቀባይም ቀና ብለው ይገናኛሉ። ለጋሽ ማየት ይፈልጋል ካላችሁ የዱቄቱን ጆንያ ቅረጹ። የተገዛበትን ደረሰኝ አሳዩ። የሚቀበሉትን እጆች አሳዩ። ለከባድ ሕክምና ገንዘብ የሚሰበሰብለት ሰው ሰው እንዲያምነው ፊቱን ለማሳየት የሚገደድበት ጊዜ እንዳለ ይገባኛል። ለአምስት ሊትር ዘይት ግን ፊት አይጠየቅም።

ሕግ የለም እንዳትሉ፤ አለ። ያውም ከስልኩ በፊት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ ከልክሏል። ቀጥሎ ያሉት አንቀጾች ከዚህ ውጭ የሚሆኑትን ለይተው፣ የተነካ ሰው በፍርድ ቤት ማስቆምና ካሳ መጠየቅ እንደሚችል ይናገራሉ። አስቡት፣ ያኔ ፎቶ መነሳት ማለት ክት ለብሶ ፎቶ ቤት መሄድ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን አስቀምጧል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ወረቀቱስ አለን። ግን እትዬ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ጠበቃ ፍለጋ ሊዞሩ ነው? ክስ እስኪከፈት ቪዲዮው ዓለምን ይዞራል። ስለዚህ ነገሩ ከመቀረጹ በፊት እዚያው ድንኳን ውስጥ መቆም አለበት።

ለዚህም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። እናቷ በድንገት አረፈች። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። ጓደኞቿ ይጠየቃሉ። ብቻዋን የማትሆንበት ቀን ይመረጣል። ማታ እራት በልታ መተኛቷ ሳይቀር ይጣራል፤ ከዚያ በኋላ ለቀናት እህል እንደማትቀምስ ስለሚታወቅ። በማለዳ ትልልቅ ሰዎች ከበዋት ይነገራታል። ስደት ላይ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ሥርዓት ሳያጓድሉ ነው የሚይዙት። ለእሷም ዘመዶቿ እየመከሩ ነበር። በዚህ መሃል አንዱ ከለቅሶው ቤት ላይቭ ገባ። ልጅቷ የሰው ወጥ ቤት ቆማ ስልኳን ስትከፍት ድንኳኑን አየች። በሩን ለየችው። አክስቷ ደረቷን ስትመታ አየች። የሚይዛት ሰው አጠገቧ አልነበረም።

ከዚህ በላይ ምን ይምጣ?

እኔ የሚቀጥለው የእድራችን ስብሰባ ላይ ሐሳብ አቀርባለሁ። ድንኳን ውስጥ ፎቶም ቪዲዮም ላይቭም እንዳይኖር፣ የሟች ቤተሰብ ራሱ ካልጠየቀ በቀር። ውጭ አገር ላሉ ልጆች መርዶ መነገሩ ሳይረጋገጥ ማንም የሟችን ፎቶ እንዳይለጥፍ። ንፍሮና እዝን በሚቀርብበት ሰዓት ስልክ ኪስ ውስጥ እንዲገባ። ቀሪ ለሆነ፣ ላረፈደ መቀጫ የሚጽፍ መተዳደሪያ ደንብ አለን፤ ይህም ይጻፍበት። እናቴና ጓደኞቿ ከእኔ ጋር ናቸው። ሊቀመንበሩንም አነጋግረናል፣ አጀንዳ አስይዙ ብለውናል። እናንተም በየሰፈራችሁ አንሡት። እስከዚያ ድረስ ግን ቤቴ የምትመጡ ሁሉ፣ እንብላ እላችኋለሁ፤ ስልኩን ግን አስቀምጡልኝ።