ገንዳውን አታፍስሱት፣ ሣሩን እዩት

ወንድሜ፣ «የካሊፎርኒያን ውሃ የጨረሰው በየግቢው ያለው መዋኛ ገንዳ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ሁሉም ገንዳውን ያፍስስ» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ስለሆነ አልፈርድብህም፣ ግን መታረም አለበት።

እስቲ እናስላው። 10 በ5 ሜትር የሆነ፣ በአማካይ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 75,000 ሊትር ይይዛል። አዎ፣ ብዙ ነው። ግን አንዴ ከተሞላ በኋላ በአብዛኛው የምትጨምርበት ፀሐይና ንፋስ የወሰዱትን ነው። ውሃው 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ 500 ሊትር ሄደ ማለት ነው። በዚያው ስፋት ላይ ያለ ሣርም በሎስ አንጀለስ በጋ አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ ከዚህ ብዙም የማይተናነስ ውሃ ይጠጣል፣ ገንዳው ማታ ማታ የሚሸፈን ከሆነ ደግሞ ሣሩ ይብሳል። አፍስሰህ መልሰህ ስትሞላው ግን ያን 75,000 ሊትር እንደ አዲስ ታወጣለህ፣ ባዶውን የቆየ ገንዳም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ትልቁ ውሃ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በካሊፎርኒያ ሰው ከሚጠቀመው ውሃ 80 በመቶ ገደማው ለእርሻ ይሄዳል። የከተማውም ቢሆን ግማሽ ያህሉ ደጅ የሚፈስ ነው፣ በአብዛኛው ለሣርና ለአትክልት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሳይታይ የሚያፈስ ገንዳ ነው። ባልዲ ውሃ ሙላና ገንዳው ውስጥ ባለው መውረጃ ደረጃ ላይ አስቀምጠው፣ የባልዲውንም የገንዳውንም ውሃ ልክ ምልክት አድርግበት። በማግስቱ ገንዳው ከባልዲው ይበልጥ ከቀነሰ ያፈሳል፣ ቶሎ አስጠግነው።