ጅቡ ከማን ቤት ይወጣል?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከአንዱ ብሎክ ሥር ባለ የጀበና ቡና መሸጫ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የምንገናኝ ጥቂት ጎረቤታሞች ነን። ከመካከላችን መድኃኒት ቤት ውስጥ የምትሠራ አንዲት ወጣት ፋንታሲ ልብ ወለድ እየጻፈች ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች በወረቀት አትማ ሰጥታን ስለነበር ሁላችንም አንብበን፣ የምንለውን ይዘን መጥተናል። ታሪኩ የክርስትና ስሟ የተሰረቀባት የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው። ልጅቱ ስሟን ካጣችበት ዕለት ጀምሮ እናቷ ስትጣራ አትሰማም፣ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስታልፍም የደወሉ ድምፅ አይደርሳትም። ስሟን የሰረቃት ደግሞ ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ ውሎ ሲመሽ ጅብ እየሆነ ወደ የካ ተራራ ጫካ የሚገባ ሰው ነው። ክርክራችንን ያስነሳው ይህ ሰው ነበር። የተባባልነውን እንዳስታወስኩት ጽፌ፣ በመጨረሻ የራሴን ፍርድ እሰጣለሁ።

መጀመሪያ የተናገረው የሥነ ጽሑፍ መምህር የሆነው ወዳጃችን ነው፤ ደስታውንም አልደበቀም። ምናባዊ ልብ ወለድ የሚሞክሩ ወጣቶች በረዶ የለበሰ ተራራ፣ የድንጋይ ግንብና እሳት የሚተፋ ዘንዶ ካላስገቡ የጻፉ አይመስላቸውም እያለ ሲቆጭ የኖረ ሰው ነው። «ዘንዶ ከተፈለገ እኮ» አለ፣ «ሕዝቡን ሲያስገብር ኖሮ አንጋቦ መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦ የገደለው አርዌ አለልን። አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣቸው ዘንዶም አለ። አንዱ ግብር የሚበላ ንጉሥ፣ ሌላው ለጻድቅ መሰላል የሆነ አገልጋይ ነው። ሁለቱን በአንድ ትውፊት ውስጥ ያኖረ ሕዝብ ከማን ይበደራል?» ወደ ወጣቷም ዞሮ፣ ጅቡን ሌሊት ከተራራው ሲወርድ ሁላችንም ከምንሰማው ጅብ፣ ስሙን ከአያቶቻችን ልማድ በመውሰዷ ትክክለኛውን መንገድ ይዛለች አላት።

እሷ ግን ምስጋናውን እንዳለ አልተቀበለችም። «መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ የአያቴን ልማድ ልብ ብዬ እንዳየው ያደረገችኝ የሩቅ አገር ደራሲ ናት» አለችና ስለ አሜሪካዊቷ ኡርሱላ ለ ግዊን አጫወተችን። ለ ግዊን እ.ኤ.አ. በ1929 በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ተወለደች። አባቷ አልፍሬድ ክሮበር የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችን ቋንቋና ባህል ሲያጠና የኖረ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ነበር፤ እናቷ ቲዮዶራ ደግሞ ከያሂ ሕዝብ ብቻውን ስለተረፈ አንድ ሰው በ1961 መጽሐፍ አሳትማለች። ይህ ሰው ወገኖቹ ካለቁ በኋላ በ1911 ከተራራ ወርዶ፣ በ1916 እስኪሞት ድረስ በሳን ፍራንሲስኮ ሙዚየም ሲኖር እውነተኛ ስሙን ለማንም አልተናገረም። በሕዝቡ ሥርዓት ሰው ራሱን በስሙ አያስተዋውቅም፤ የሚያስተዋውቀው ወገኑ ነው፣ እሱ ግን ወገን አልቀረውም። ኢሺ ተብሎ የታወቀው ክሮበር በሰጠው ስም ነው። ለ ግዊን ሰውየው ከሞተ ከዓመታት በኋላ ስለተወለደች በዓይኗ አላየችውም። በ1968 በታተመው፣ ኧርዝሲ ስለተባለ ምናባዊ የደሴቶች ዓለም በጻፈችው የመጀመሪያ መጽሐፏ ውስጥ ግን ሰው ሁሉ እውነተኛ ስሙን ይሰውራል፤ ስሙን የነገረህ ሰው ነፍሱን አደራ ሰጥቶሃል። «ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብ» አለች ወጣቷ፣ «የክርስትና ስሟን ከንስሐ አባቷ በቀር ለማንም ሳትነግር የሞተችው አያቴ ታወሰችኝ። ከዚያ በኋላ ነው መጻፍ የጀመርኩት።»

የመጽሐፉን አጀማመርም ነገረችን። አንድ አሳታሚ ለወጣቶች የሚሆን መጽሐፍ እንድትጽፍ ሲጠይቃት፣ ለ ግዊን በየተረቱ ነጭ ጢም አውጥተው የምናገኛቸው አስማተኞች በልጅነታቸው ምን ይመስሉ ነበር፣ ጥበቡንስ የት ተማሩት ብላ አሰበች። ከዚያም ከሁሉ አስቀድማ ደሴቶቿን በካርታ ላይ ሣለች። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጌድ ፍየል ጠባቂ የነበረ ልጅ ነው፤ ቆዳውም ወደ ቀይ የሚያደላ ጠይም ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝኛ በሚጻፉ መሰል ታሪኮች ጀግናው ነጭ መሆኑ እንደ ሕግ ይታይ ነበርና ደራሲዋ ይህን ያደረገችው ሆን ብላ ነው። በ2004 ታሪኩ ለቴሌቪዥን ሲሠራ ነጭ ተዋናይ ጌድን እንዲጫወት መደረጉን አጥብቃ በአደባባይ ተቃውማለች።

ጡረታ የወጡት የመሬት ቀያሽ ጎረቤታችን የካርታው ነገር ደስ አሰኛቸው፤ የስሙ ነገር ግን ፊታቸውን አጠቆረው። «ልጄ፣ በዚህ አይጫወቱም» አሏት። እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ በአንገታቸው ያሰሩት በቆዳ የተሰፋ ክታብ ነበረ። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ጸሎቱ መሐል የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል። የእናታቸው ክታብ አስቀድሞ የሌላ ሰው ስለነበር፣ የመጀመሪያው ስም በቢላዋ ተፍቆ የእናታቸው ስም በላዩ ተጽፎበታል፤ የተፋቀው ቦታ ሻክሮ ቀለሙ ተሰራጭቶ፣ በጣት ሲዳሰስ ከቀረው ብራና ተለይቶ ይታወቅ ነበር። «ያንን ቦታ በልጅነቴ ስነካው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተፋቀው ሰውዬ የት ሄደ እያልኩ አስብ ነበር» አሉ። ወጣቷ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ይፍቀዱልኝና ልጻፋት» ስትላቸው መልስ አልሰጧትም፤ አልከለከሏትምም።

እስከዚህ ድረስ በሰፈራችን በርና መስኮት የሚሠራው የብየዳ ባለሙያ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። ሁለተኛውን ስኒ ከጨረሰ በኋላ ግን ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ «እህቴ፣ አጻጻፍሽ ግሩም ነው። ግን ይህን ተረት እኔ ያደግኩት በሌላው በኩል ሆኜ ነው» አለ። አያቶቹ በገጠር ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። የእርሻ ወቅት ሲደርስ አገሩ ሁሉ ማረሻና ማጭድ ይዞ ወደ ቤታቸው ይመጣል፤ ሰርግ ሲሆን ግን ከሰው ተለይተው ይቀመጣሉ፣ የሚጠጡበትም ዋንጫ ለብቻው ነበር። በመንደሩ ሕፃን ከታመመ ቡዳ በላው ይባላል፤ ጭስ ያጨሱበትና የበላህ ማን ነው እያሉ ያስለፈልፉታል። «ልጁም በትኩሳት መሐል የአያቴን ስም ይጠራል፤ ምክንያቱም ሲወለድ ጀምሮ የሚሰማው እሱን ነው። ከዚያ ደጃችን ላይ ዱላ የያዘ ሰው ይቆማል። አንቺ ቀጥቃጩ የልጅቱን ስም ሰረቀ ብለሽ ጽፈሻል። እኛ ቤት ግን የተሰረቀው የአያቴ ስም ነው።»

መምህሩ ለመከላከል ቸኮለ። ልብ ወለድ ልብ ወለድ ነው፣ ዛሬ ቡዳ በሚለው የሚያምን የተማረ ሰው የለም፣ ደራሲ እያንዳንዱ ሰው ይከፋዋል እያለ ከጻፈ አንድም ክፉ ገጸ ባሕርይ ሊፈጥር አይችልም አለ። ቀያሹ በዚህ ተቆጡ፤ ነገሩ የትናንት እንኳ እንዳልሆነ ሲያስረዱ፣ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸውን አነሡ። «ንጉሥ አዋጅ ያወጣበትን ስድብ አንተ ተረት ነው ትላለህ?» አሉት። መምህሩ ታዲያ ከአገራችን ትውፊት ምን ይቀረናል ብሎ ሲመልስ ወጣቷ መሐል ገባች፤ ቀጥቃጩን ሙያ የሌለው መንገደኛ አደርገዋለሁ አለች። ሁላችንም በዚህ የሚያበቃ መስሎን ነበር፤ ብየዳ ሠራተኛው ግን እንደገና ተቃወመ። «ይህንንማ ሲያደርጉን ኖረዋል፤ ወይ ጅብ ነን ወይ የለንም» አለ።

ይህን የተከተለው ዝምታ ያስጨነቃት ቡና አፍይዋ፣ ለመሆኑ ይህን ሁሉ የምትጽፊው በየትኛው ሰዓትሽ ነው ብላ ወጣቷን ጠየቀቻት፤ ክርክሩም ወደ ደራሲ ኑሮ ዞረ። ወጣቷ ገና ሳይነጋ ለአውቶቡስ ትሰለፋለች፣ ከመሸ ትመለሳለች፤ ብዙውን የጻፈችው መንገድ ላይ በስልኳ ነው። ለ ግዊንም ሦስት ልጆቿ ትንንሽ በነበሩበት ጊዜ የምትጽፈው እነሱ ከተኙ በኋላ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ የጽሑፍ ዓመታቷም የጻፈቻቸውን ልብ ወለዶች አሳታሚዎች አልቀበልም ብለዋታል። በኋላ ስለምትመርጠው የሥራ ቀን ስትጠየቅ የተናገረችው በእኛ ሰዓት ሲቆጠር፣ ከሌሊቱ 11:30 ነቅታ ተኝታ ማሰብ፣ ቁርስ፣ ከዚያም ከጠዋቱ 1:15 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት መጻፍ ነው፤ ከሰዓት በኋላው ለንባብ፣ ለደብዳቤና ለእራት ሥራ ነበር። መምህሩም የፈተና ወረቀት እርማት የታከተው የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ቶልኪን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የታተመውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር አንድ ተማሪ ባዶ በተወው ገጽ ላይ መጻፉን፣ ተከታዩን ለመጨረስም ከ10 ዓመት በላይ እንደፈጀበት ተናገረ። በዚህ ጉዳይ የተለየ ሐሳብ ያለው አልነበረም፤ ጊዜ እንደሌላት ሁላችንም እናውቃለን።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። መምህሩ ምንጩ እዚሁ ነው ማለቱ ትክክል ነው። ያልተቀበልኩት የትውፊት ሀብት ማንንም የማይጎዳ የጋራ ጎተራ ነው ብሎ ማሰቡን ነው። አርዌን ብትጽፊ የሚከፋው ቤተሰብ የለም፤ ጅብ የሚሆነው ቀጥቃጭ ግን ዛሬም በየካ አባዶ በር የሚበይድ የልጅ ልጅ አለው። ከሩቅ የተቀዳ ዘንዶ ከገዛ አገር ከተወሰደ ጅብ የሚያንስበት ብዙ ነገር አለ፤ በዚህ በኩል ግን ማንንም አያቆስልም። ስለዚህ ከገዛ አገሩ የሚቀዳ ደራሲ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠበቅበታል እላለሁ።

ወጣቷ የምታደንቃት ደራሲም የሄደችበት መንገድ ይህንኑ ያሳያል። በመጀመሪያው የኧርዝሲ መጽሐፍ ጌድ በትዕቢቱ ሙታንን ሲጠራ ከሚለቀው ጥላ ለረጅም ጊዜ ይሸሻል፤ በመጨረሻ ዞሮ ሲገጥመው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። ጠላቱ ከሌላ ሰው ቤት አልወጣም። የወጣቷ መጽሐፍ የስሙን ሕግ ከለ ግዊን ወስዶ ይህን ትልቁን ነገር ትቶታል፤ የመንደሩን ፍርሃት ወስዶ በአንድ ምስኪን ባለ እጅ ላይ ጭኗል። ደግሞም ለ ግዊን ራሷ በ1968ቱ መጽሐፍ ውስጥ የሴት አስማት ደካማና ክፉ ነው የሚል አባባል አስገብታ፣ የጥበቡንም ትምህርት ቤት ለወንዶች ብቻ አድርጋ ነበር። ይህን እንዳልነበረ አላደረገችውም፤ የቀደሙትን መጻሕፍትም አልፋቀቻቸውም። በ1990 ወደዚያው ዓለም ተመልሳ፣ ታሪኩን ባሏ ከሞተባት ገበሬ ሴትና በእሳት ከተቃጠለች ልጅ ጎን ሆና ጻፈችው። አስማተኞቹ ያው ናቸው፣ ደሴቶቹም ያው ናቸው፤ የሚታዩት ግን ከማጀት ነው። ለእኔ ከሥራዎቿ ሁሉ ትልቁ ድፍረት ይህ ነው፤ የተመሰገነችበትን የገዛ ዓለሟን እንደገና መጠየቅ ለማንም ደራሲ ቀላል አይደለምና።

ስለዚህ ፍርዴ ከብየዳ ሠራተኛው ጋር ነው። ቀጥቃጩ ከመጽሐፉ አይውጣ፤ ሙያውም አይቀየር፤ ጅቡም ይቅር አልልም። አራተኛው ምዕራፍ ግን ከእሱ ቤት ይጀምር፤ ወናፉ ሲነፋ፣ ማረሻው ሲግል፣ ሕፃኑ ጎረቤት ቤት ሲለፈልፍ ስሙን የሚሰማ ሰው ምን ያደርጋል የሚለውን ደራሲዋ ከእሳቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ትጻፈው። ልጅቱ ስሟን ያጣችው በማን ምክንያት እንደሆነ ከዚያ ቤት ሆኖ ሲታይ መልሱ ሌላ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ሦስተኛው ምዕራፍ፣ ሰውየው በጨረቃ ብርሃን ጅብ የሚሆንበት፣ ከጻፈችው ሁሉ ያማረው ነው፤ ቢሆንም አሁን ባለበት ሁኔታ እንዲታተም አልፈልግም። ይህንንም ለእሷ ነግሬያታለሁ። እሷም ምዕራፉን ከመንካቷ በፊት ሁለት ነገር ጠይቃለች፤ ቀያሹን የክታቡን ነገር እንዲደግሙላት፣ ብየዳ ሠራተኛውን ደግሞ ስለ አያቱ በሰፊው እንዲያጫውታት። እሱ ለሚቀጥለው እሑድ እሺ ብሏታል።