አንጀት መጣበቅን በተመለከተ
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ ቶሎ ተነስቶ መራመድ አንጀት እንዳይጣበቅ ያደርጋል ይላል። መራመድ ደም እንዳይረጋ በጣም ይጠቅማል፤ መጣበቁ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያው ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ሲጫር ወይም ሲደርቅ ፋይብሪን የሚባል እንደ ሙጫ ያለ ነገር ይጋገርበታል፤ ሰውነት በጥቂት ቀናት ካላሟሟው አንጀትን የሚያጣብቅ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሐኪሙ እጅ ረጋ ማለት፣ ሽፋኑን እያረጠቡ መሥራት፣ ከተቻለም በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ መሥራት ትልቅ ነገር ነው። ዱቄት ያለው ጓንት እንኳ ያባብሰዋል፤ አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች።

እህቴ ትርፍ አንጀቷ ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላ ሆዷ ተነፍቶ፣ አረንጓዴ እያስመለሳት፣ ፈስ እንኳ አልወጣ ብሏት ሌሊቱን ዳማከሴ ስናጠጣት አደርን። ጠዋት ሐኪም ቤት ወስደናት ሲከፍቷት አንጀቷ እንደ ክር በቀጠነ ጠባሳ ታንቆ ተገኘ። እባካችሁ፣ ሆዱን ኦፕራሲዮን ሆኖ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሲሆን እስኪነጋ አትጠብቁ።