ፈርቶ የነበረ ውሻ አይወዳደርም ያለው ማን ነው?

በሐዋሳ ሊካሄድ የታሰበው የውሾች የመሰናክል ውድድር ደንብ ሰሞኑን ወጥቷል። አጂሊቲ የሚባለው ስፖርት ወደ ከተማችን መምጣቱ ደስ አሰኝቶኝ ነበር፤ ደስታዬ ግን ደንቡን እስካነብ ብቻ ቆየ። «ከዚህ በፊት የፍርሃት ጠባይ የታየበት ውሻ አይመዘገብም» ይላል። ይህ አልበቃ ብሎ ከአዘጋጆቹ አንዱ በሬዲዮ ቀርበው «ፈሪ ውሻን በመሰናክል ማስሮጥ ግፍ ነው። ፈሪ ሆኖ ያደገ ፈሪ ሆኖ ይሞታል፤ አስገድደን እናሠቃየው እንዴ?» ሲሉ ሰማኋቸው።

እንዲህ የሚናገር ሰው አንድ ውድድር እንኳ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ተመልክቷል ብዬ ለማመን ይከብደኛል። በአጂሊቲ ውሻው የሚሮጠው ያለ ማሰሪያ ነው። ባለቤቱ አብሮት እየሮጠ በድምፁና በእጁ ምልክት ይመራዋል እንጂ ገፍቶ አያሳልፈውም፤ ሆን ብሎ ቢነካው ይቀጣል። ምግብም ሆነ መጫወቻ በእጁ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ውሻው መሰናክሉ ፊት ደርሶ ቢቆም ወይም አልፎት ቢሄድ እምቢታ ተብሎ ይያዛል፤ በሦስተኛው እምቢታ ከውድድር ይወጣል። እንግዲህ ግዳጁ የቱ ጋ ነው? ያልፈለገ ውሻ ሜዳውን ጥሎ ቢሄድ የሚይዘው ገመድ የለም። በየግቢያችን ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚውለውን ውሻ ፈቃዱን ማንም አልጠየቀውም፤ ስለ እሱ በሬዲዮ የተቆረቆረ አልሰማሁም። እምቢ ማለቱ በሕግ የታወቀለት ውሻ ላይ ሲደርሱ ግን ግፍ ታያቸው።

ከመሰናክሎቹ ሁሉ ደንጋጣ ውሻን አብዝቶ የሚፈትነው ሚዛኑ ነው፤ መሃሉ ላይ ተደግፎ ወዲህና ወዲያ የሚያጋድለው ረጅም ጣውላ። ውሻው በአንዱ ጫፍ ይወጣል፤ መሃሉን ሲያልፍ ጣውላው ከእግሩ ሥር ይወርድበታል፤ ሌላው ጫፍ መሬት ሲመታ ጓ ይላል። ጫፉ መሬት ሳይነካ ዘሎ የወረደ 5 የቅጣት ነጥብ ይቆጠርበታል። መቻል የምትባለው የእኔዋ ውሻ የቆርቆሮ በር ሲዘጋ ስትሰማ አልጋ ሥር ገብታ ሽንቷን የምትለቅ ነበረች። እንዲህ ያለችን ውሻ ጎትቶ ሚዛን ላይ የሚያወጣ ሰው ከዚያ በኋላ ጣውላ አጠገብ አያደርሳትም። ስለዚህ ከመሬት ጀመርን። ጣውላው ሣር ላይ ተጋደመ፤ እሷ እያሸተተች በላዩ ተራመደች። ሲለመዳት በትንሹ ከፍ አደረግነውና ጫፉ በሚያርፍበት ቦታ አሮጌ የባጃጅ ጎማ አስቀመጥን፤ ጣውላው ሲወርድ ጎማው ድምፁን ይውጠዋል። እግሯን ባሳረፈች ቁጥር ቁራጭ የተቀቀለ ሳንባ። ጆሮዋ ወደ ኋላ ከተለጠፈ፣ ከንፈሯን መላስ ካበዛች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳንባውን አልቀበልም ካለች የዕለቱ ልምምድ እዚያው ያበቃል። ሳንባ የምትወድ ውሻ ሳንባ አልፈልግም ስትል ከዚህ በላይ ምን ትበል? አሁን ጎማው የለም። ጣውላው ጓ ሲል እሷ ጅራቷን እየቆላች ዞራ መነሻው ላይ ትቆማለች፤ ልድገም ማለቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ስንለማመድ ከአሞራ ገደል በኩል የሚመጡት አባ ኮዳዎች ክንፋቸውን እያማቱ ከጎኗ ሲያርፉ እንኳ ዞር ብላ አታያቸውም። ግፍ የተባለው ይህ ነው።

«ፈሪ ሆኖ ያደገ ፈሪ ሆኖ ይሞታል» የሚለው ደግሞ ድፍን ያለ ስንፍና ነው። ቡችላ ዓለምን የሚለማመደው በዋናነት ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ እንደሆነ የውሻ ጠባይ ያጠኑ ሰዎች ከተናገሩ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ዕድሜው የእኛ ሰፈር ቡችላ የሚያገኘው ምንድን ነው? የልጆች ድንጋይ፣ የዘበኛ እርግጫ፣ በበዓል ዋዜማ ርችት። ፍርሃቱን ያስተማርነው እኛው ነን፤ ያስተማርነውን ደግሞ በትዕግሥት ማስረሳት ይቻላል። ከሁሉም ውሻ ላይ ፍርሃቱ ተጠርጎ ይጠፋል አልልም፤ ሜዳ ላይ እየተንቀጠቀጠ የሚቆም ውሻ ካለ አይሩጥ። ይህን ግን የሚወስነው የዕለቱ ሁኔታው ነው እንጂ ቡችላ ሳለ ያሳየው ጠባይ አይደለም። ሐይቅ ይፈራ የነበረን ልጅ ዋና ከተማረ በኋላ «ድሮ ትፈራ ነበር» ብሎ ከውድድር የሚያስወጣ አሠልጣኝ የት አለ?

ይናከሳል የሚል ስጋትም ተነሥቷል። የሚናከስ ውሻ ይውጣ፤ ደፋርም ይሁን ፈሪ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርድ የሌለውም በሩን አይለፍ፤ በዚህ ላይ ከአዘጋጆቹ በላይ ጥብቅ ብሆን ደስ ይለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታውን መተላለፍ ለመግታት ከውሾች 70 በመቶው መከተብ አለባቸው ይላል። ደንቡ ግን ስለ ክትባት አንድ መስመር ጽፎ ስለ ፍርሃት ግማሽ ገጽ ፈጅቷል።

ስፖርቱ ራሱ እኮ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ፣ በክራፍትስ የውሾች ትርዒት ላይ፣ የፈረስ ዝላይን አስመስሎ በዕረፍት ሰዓት ተመልካች ለማዝናናት ነው። ዛሬ በዓለም አቀፉ ውድድር የውሻው ዕድሜ 18 ወር መሙላቱ ይታያል፤ ቁመቱ ይለካል። «ቡችላ ሳለህ ነጎድጓድ ትፈራ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ የለም። ይህን የፈጠሩት የእኛዎቹ ናቸው።

ለመሆኑስ ደንቡን እንዴት ሊያስፈጽሙት ነው? የውሻን ያለፈ ጠባይ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ዋሽቶ «ደፋር ነበር» ያለው ይገባል፤ እውነቱን የተናገረው ይመለሳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በዱላ የሠለጠነው ውሻ ነው። አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ከጌታው እጅ ሳይነቅል፣ ድምፅ ሳያሰማ ይቆማል። አዘጋጆቹ ይህን ሥነ ሥርዓት ይሉታል። እኔ የማየው እስከ አጥንቱ የፈራ ውሻ ነው፤ መፍራቱን እንኳ እንዳያሳይ የተደረገ። እሱ በዚህ ደንብ ያለ ምንም ጥያቄ ያልፋል፤ በሳንባና በባጃጅ ጎማ ከፍርሃቷ የወጣችዋ ትባረራለች።

አንቀጹ ይሰረዝ። ቦታውን የሚሞላ ከተፈለገ «በዕለቱ በፈቃዱ የማይሮጥ ወይም በሰውና በሌላ ውሻ ላይ የሚነሣ ከሜዳ ይወጣል» ተብሎ ይጻፍ፤ ይህን ማንም ዳኛ በዓይኑ አይቶ ሊፈርድበት ይችላል። እኔ ምዝገባው በተከፈተ ቀን የመቻልን የክትባት ካርድ ይዤ እቀርባለሁ፤ ድሮ ትፈራ እንደነበርም ቅጹ ላይ እጽፋለሁ። የሚመልሱኝ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ፣ ከነፊርማው ይስጡኝ።